ማመልከቻ የሚጠብቅ ድጎማ

ለንደን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት የ70 ዓመት እናት እናስብ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው፣ መዋጮ ከፍለው ሙሉ የመንግሥት ጡረታ ያገኛሉ፤ ሌላ ገቢ ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የጡረታው መጠን በሳምንት 221.20 ፓውንድ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት ለአንድ ብቸኛ ጡረተኛ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የገቢ ወለል ደግሞ 218.15 ፓውንድ ነበር። እኚህ እናት ከወለሉ የሚበልጡት በ3 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ብቻ ነው። ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ቢጠራቀም 159 ፓውንድ አይሞላም። በዚሁ ልዩነት ሳቢያ ግን የዚያን ዓመት የማሞቂያ ድጎማቸውን፣ 200 ፓውንድ፣ አጥተዋል። ድሃ አይደሉም ያሰኛቸው ገንዘብ፣ ድሃ ስላልተባሉ ካጡት ገንዘብ ያንሳል።

ድጎማው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997፣ ጎርደን ብራውን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ነው። ለብዙ ዓመታት ለጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሁሉ፣ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ ብርዱ ሲገባ ለአንድ ቤት 200 ፓውንድ፣ 80 ዓመት የሞላው ሰው ካለበት ደግሞ 300 ፓውንድ ያገኝ ነበር። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይጠይቅ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ ይገባለታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ድጎማው ከእንግዲህ ፔንሽን ክሬዲት ለተባለው፣ ገቢን እስከዚያ ወለል ለሚሞላው የድሃ ጡረተኞች ድጋፍና ለጥቂት ተመሳሳይ ድጋፎች ተጠቃሚዎች ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቁ። መንግሥት በገመተው መሠረት የተጠቃሚው ቁጥር ከ10.8 ሚሊዮን ወደ 1.5 ሚሊዮን ወረደ።

ውሳኔው ከየት እንደመጣ ለመረዳት አይከብድም። ትልቅ ቤትና ጠቀም ያለ የግል ጡረታ ላለው ሰው ከግብር ከፋዩ ኪስ የማሞቂያ ገንዘብ መስጠት ፍትሐዊ አይደለም። ድጎማ ለሚያስፈልገው ብቻ ይሁን የሚለውን መርህ እኔም እቀበላለሁ። የተሳተው መርሁ ሳይሆን ድሃውን ከሀብታሙ ለመለየት የተመረጠው መንገድ ነው። መንግሥት የጠየቀው «ድሃ ማን ነው?» ብሎ ሳይሆን «ድሃ ነኝ ብሎ ያመለከተ ማን ነው?» ብሎ ነበር። በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ብዙ ሕዝብ ወድቆ ቀርቷል።

ፔንሽን ክሬዲት ካላመለከቱ አይገኝም። ሊያገኙት ከሚገባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት አይወስዱትም፤ ይህም በወቅቱ በነበረው የመንግሥት ግምት እስከ 880,000 ቤተሰብ ማለት ነበር። ከገቢው ወለል በታች ሆነው ስማቸው መዝገቡ ላይ የሌለ ሰዎች ናቸው፤ በድሆች ስም በተደረገው ለውጥ ከሁሉ በፊት የተጎዱትም እነሱ ናቸው። የማያመለክቱበትን ምክንያት ለማወቅ ቅጹን ማየት ይበቃል፤ ሁሉም እያንዳንዱን አመልካች ባይመለከቱም፣ ጥያቄዎቹ ከ200 በላይ ነበሩ። ዓይኑ የደከመ፣ ኢንተርኔት የማይጠቀም፣ የቁጠባ ደብተሩንና የቤት ኪራይ ውሉን ፈልጎ ማቅረብ የማይችል አዛውንት መሀል ላይ ይተወዋል። ከመጀመሪያው የማይነካውም አለ። የእኛን ሰው ይሉኝታ የሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ዕድሜውን ሙሉ የማንንም እጅ ሳያይ የኖረ ሰው በስተእርጅና ኑሮውን ለማያውቀው ባለሥልጣን በዝርዝር መጻፍ ያሳፍረዋል።

ያጡት 200 ፓውንድ ስንት ዋጋ እንደነበረው የሚታየው የኃይል ሒሳቡ ሲመረመር ነው። አብዛኛው የብሪታንያ ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ዋጋው በመናሩ በዚያ ዓመት ኦክቶበር የአንድ መካከለኛ ቤት ዓመታዊ ወጪ 3,549 ፓውንድ ሊደርስ ተቃርቦ፣ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ በ2,500 ገደማ አቆመው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጀም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዋጋ ጣሪያ ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን የጠቅላላ ሒሳቡ ጣሪያ አድርጎ ይወስደዋል። ጣሪያው ግን የተበጀው ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋና በየቀኑ ለሚታሰበው ቋሚ ክፍያ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል።

በእኔ እምነት አረጋውያንን ክፉኛ የሚጎዳው ይኸው ቋሚ ክፍያ ነው። በ2024 መጨረሻ ወራት ለኤሌክትሪክና ለጋዝ ተደምሮ በቀን ከ90 ፔንስ በላይ ነበር፤ በዓመት ሲባዛ ከ330 ፓውንድ ያልፋል። አንዲት አሮጊት ማሞቂያውን አጥፍተው ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ቢውሉም ይህ ክፍያ አይቀርላቸውም። 200 ፓውንዱ ቢሰጣቸው ኖሮ እንኳ ይህንኑ አይሸፍንም ነበር። ትንሽ የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት በአማካይ ብዙ ከሚጠቀመው ይበልጥ ይከፍላል ማለት ነው። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላቸው ደግሞ ካርዳቸው ሲያልቅ በጨለማና በብርድ ይቀመጣሉ፤ ማንም ስላልቆረጠባቸው ከአገልግሎት ተቋረጡ ተብለው አይቆጠሩም። ኩባንያዎች ይህን ቆጣሪ በግዳጅ ማስገባታቸው በ2023 ብዙ ቁጣ ቀስቅሶ ታገደ፤ በኋላ በወጣው ደንብም ረዳት በሌለው ከ75 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ቤት በግዳጅ መትከል ተከልክሏል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ብርድ ባለበት አገር የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል። ብርድ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውነት ሲያረጅ ደግሞ መቀዝቀዙን ቶሎ አያውቅም። በማሞቂያ ላይ የተቀነሰው ወጪ ሆስፒታል ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ያንን የሚከፍለውም ያው መንግሥት ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 2025 መንግሥት ውሳኔውን ቀለበሰ። አዲሱ አሠራር ለእንግሊዝና ለዌልስ ጡረተኞች ድጎማውን ለሁሉም በቅድሚያ ይከፍላል፤ ዓመታዊ ገቢው ከ35,000 ፓውንድ ለሚበልጥ ሰው ደግሞ ገንዘቡን በግብር በኩል መልሶ ይወስዳል። በዚህም የተጠቃሚው ቁጥር ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ከፍ አለ። መንግሥት ከለውጡ አገኘዋለሁ ያለው ቁጠባ ከታሰበው 1.5 ቢሊዮን ገደማ ወደ 450 ሚሊዮን ፓውንድ ዝቅ አለ። ብዙዎች ይህን የፖለቲካ ሽንፈት ብቻ አድርገው ጻፉት። እኔ ግን የተሻለው የኢኮኖሚ ንድፍ ይህ ነው እላለሁ፤ የማጣራቱ ሸክም ከደካማው ትከሻ ወርዶ መረጃውና ጉልበቱ ወዳለው የግብር መሥሪያ ቤት ሄዷልና። በእርግጥ አሁንም 35,100 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው ሙሉውን ያጣል፤ በዚያ ገቢ ላይ ግን 200 ፓውንድ ማጣት ማሞቂያ አያስጠፋም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ዋርም ሆም ዲስካውንት የተባለው የ150 ፓውንድ ቅናሽ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2022 ጀምሮ በአብዛኛው ያለ ማመልከቻ ከኃይል ሒሳቡ ላይ ይቀነሳል። መንግሥት የድጋፍ መዝገቡን ከኃይል ኩባንያዎቹ የደንበኛ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ አሮጊቷ ምንም አይጽፉም። ይህን ማድረግ የሚችል መንግሥት ፔንሽን ክሬዲትን ራሱን በዚሁ መንገድ ማቅረብ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የጡረታቸውን መጠን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ቁጠባንና የቤተሰብ ሁኔታን ብቻ በአጭሩ ጠይቆ ቀሪውን ራሱ ቢሞላ ቅጹ ወደ አንድ ገጽ ይወርዳል።

በእኛ አገር የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ሲሰጥ ተጠቃሚውን የሚለየው የአካባቢው ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው። ይህም ለአድልዎ በር ይከፍታል፤ ቢሆንም ሰውየውን ፈልጎ የሚሄድ አሠራር መሆኑ ከለንደኑ ቅጽ ይለየዋል።

እናት ወይም አባት ብሪታንያ ያላችሁ አንባቢያን ጥቂት ነገር እወቁ። ከወለሉ በጥቂቱ የበለጠ ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ በሕመም ምክንያት እንክብካቤ የሚያስፈልገው አዛውንት አቴንዳንስ አላዋንስ የተባለውን ክፍያ ካገኘ ወለሉ ሊነሣለት ይችላል፣ ክፍያው ራሱም ገቢ ተብሎ አይታሰብበትም። በልጆቻቸው ዋስትና ተጠርተው የሄዱ ወላጆች ግን ልጆቹ ለ5 ዓመት ወጪያቸውን ሊሸፍኑ ስለፈረሙ ያ ጊዜ ሳያልፍ ፔንሽን ክሬዲት ባይጠይቁ ይሻላል። የዋርም ሆም ዲስካውንት ቅናሽ የሚሰጠው ስሙ በኃይል ሒሳቡ ላይ ለሰፈረ ሰው ወይም ለትዳር ጓደኛው ስለሆነ፣ ውሉ በቀድሞ ተከራይ ስም እንዳልቀረ አረጋግጡ። የፔንሽን ክሬዲት ማመልከቻ በስልክም ይቀርባል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ተቀባይነት ካገኘ ክፍያው እስከ 3 ወር ወደኋላ ይታሰባል።