ፓስወርዱ ልክ ነው፤ ሰውየው ግን አልታወቀም

ፓስወርዱን አልረሳሁትም። ዛሬም ጣቴ ሳላስብ ይጽፈዋል። ችግሩ ወዲህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት እያለሁ ያወጣሁትን ኢሜይል ለመክፈት ስሞክር ፓስወርዱን ይቀበለኝና «እርስዎ መሆንዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» ይለኛል። ኮድ እንዲልክልኝም አንድ ስልክ ቁጥር ያሳየኛል፤ የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ናቸው። ቁጥሩ የኔ ነበር። አሁን ግን አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው ቆቦ ነው። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ከአላማጣ በኩል ወደ ራያ ቆላ ሲወርድ ማሽላው ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር። እንደ ብዙ ሰው እኔም በእጄ ያለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ደሴ ስደርስ ስልኩም ሲም ካርዱም መንገድ ቀርተዋል። መታወቂያዬ ቤት ስለቀረ አዲስ ሲም በዘመድ ስም አወጣሁና ኑሮ ቀጠለ። ስለ አሮጌው ቁጥር ማን ያስባል?

በታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ስትለቀቅ ተመልሼ ቤቴን አየሁት። የሰነድ ሻንጣው የለም። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም አብሮ ሄዷል። እውነት ለመናገር ብዙም አልደነገጥኩም። «ስካን አድርጌ ኢሜይሌ ላይ አስቀምጫለሁ» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። ሥራ ማመልከት የጀመርኩት ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ነው። በሩ እንደተቆለፈብኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ «ፓስወርዴን በትክክል እየጻፍኩ እንዴት ይከለክለኛል?» ብዬ ተናደድኩ። አሠራሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በእኛ አካባቢ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ሽማግሌ ተቀምጦ ምስክር ይሰማል። የኢሜይል ጥበቃም እንደዚያው ምስክር ይጠራል። ፓስወርድ አንዱ ምስክር ብቻ ነው። የለመደው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሌላው ነው፤ አዘውትራችሁ የምትገቡበት አካባቢ ሦስተኛው፣ ስልክ ቁጥራችሁ ደግሞ አራተኛው። ፓስወርድ ብቻውን የማይታመነው በየጊዜው ስለሚሰረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ላይ በደረሰው ጥቃት የ3 ቢሊዮን አካውንቶች መረጃ እንደተወሰደ በ2017 ይፋ ሆኗል።

የኔ ምስክሮች ግን በአንድ ሰሞን አለቁ። ስልኩና ሲሙ መንገድ ላይ ጠፉ። ሰነዶቹን ስካን ያደረግኩበት የቆቦው ኢንተርኔት ቤት ተዘረፈ። እኔም የምገባው ከሌላ ከተማ ሆነ። አዲስ ስልክ፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ከተማ፦ ለማሽኑ የተፈናቀለ ሰውና ሌባ አንድ ናቸው። ጥበቃው የተሠራው ቁጥሩም ቤቱም ለማይቀየርበት ሰው ነው።

ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ስልክ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል፤ በብዙ አገር ያለ አሠራር ነው። አንድ ቀን ሲጨንቀኝ የራሴን የድሮ ቁጥር ደወልኩ። ጠራ! አንዲት እናት አነሱት።

«ይቅርታ እናቴ፣ ይህ ቁጥር ድሮ የኔ ነበር።»

«እንግዲህ አሁን የኔ ነው። ልጄ ነው ያወጣልኝ።»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ስድስት አኃዝ ያለው መልእክት እንደሚመጣላቸው፣ እሱን ብቻ እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ስልክሽ ላይ የሚመጣ ቁጥር ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ ልጄ አስምሎኛል። አንተ ጨዋ ትመስላለህ። ግን ጨዋ የማይመስል ሌባ የታለ? አትቀየመኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ለጊዜው ተቀይሜያለሁ። ማታ ሳስበው ግን ትክክለኞቹ እሳቸው ነበሩ። የኔም እናት እንደሳቸው ብትመልስ ደስ ይለኛል። ይልቅስ ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፦ ቁጥሩ የደረሰው ክፉ ሰው እጅ ቢሆንስ? በዚያ ቁጥር የከፈትኩትን ቴሌግራም ጭምር ኮዱን ተቀብሎ ሊገባበት ይችል ነበር።

ያተረፈኝ ጓደኛዬ ነው። በ2010 ሁለታችንም ለማስተርስ ስናመለክት ዲግሪዬንና ትራንስክሪፕቴን «እስቲ እየው» ብዬ በኢሜይል ልኬለት ነበር። ስሜን ኢሜይሉ ውስጥ ፈልጎ አገኛቸው። በዚያ ኮፒ ምትክ ለማውጣት ቻልኩ። ሌላው ግን እዚያው ቀርቷል። አባቴ ወንጭፉን ይዞ የማሽላ ማማ ላይ እንደቆመ ያነሳሁት ፎቶም እዚያው ነው። እሱን ለማንም አልላክሁትም ነበር።

እናንተ ግን አካውንታችሁ ገና በእጃችሁ እያለ አሥር ደቂቃ ስጡት። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ዛሬ የምትጠቀሙበት መሆኑን አረጋግጡ። ሲም ልትቀይሩ ከሆነ መጀመሪያ ቁጥሩን አካውንቱ ላይ ቀይሩ። መጠባበቂያ ኢሜይልም ጨምሩ። ጉግል ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስታበሩ ባለ 8 አኃዝ የሆኑ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ማውጣት ይቻላል፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል፣ ሲም አይፈልግም። ስክሪንሾት አንስታችሁ እዚያው ስልክ ላይ አትተዉት፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወረቀት ላይ ጻፉት። ቴሌግራም ላይ «የተዘጋ አካውንት እናስከፍታለን» ለሚሉ ሰዎች ደግሞ ብርም ኮድም አትስጡ።

አልፎ አልፎ መግባትም አትርሱ። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተገባባቸውን የግል አካውንቶች ሊያጠፋ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። ኔትወርክ ቢጠፋም ቀኑ መቆጠሩ አይቀርም።

የአዲሱ ኢሜይሌ ኮዶች አሁን በሁለት ወረቀት ተጽፈዋል። አንዱ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ነው፤ ሌላው ቆቦ እናቴ ጋ። እናቴ ወረቀቱ የምን እንደሆነ አታውቅም። «ማንም ደውሎ ቢጠይቅሽ፣ እኔ ነኝ ቢልሽም እንዳታነቢለት» ብያታለሁ።