ፍቺያቸው የማይጠየቅ ቃላት፦ በስክራብል ጨዋታ ስለሚገኙ እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃላት

እ.ኤ.አ. በ2015 ቤልጅየም ውስጥ በተካሄደው የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ውድድር ያሸነፈው ኒውዚላንዳዊው ናይጅል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ አይናገርም። ከውድድሩ በፊት በነበሩት ዘጠኝ ሳምንታት ገደማ ለጨዋታው የተፈቀደውን የፈረንሳይኛ የቃላት ዝርዝር ሸመደደ፤ በመጨረሻው ግጥሚያም ከጋቦን የመጣውን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ረታ። ከድሉ በኋላ ታዳሚውን ያመሰገነው በአስተርጓሚ ነበር። ይኸው ሰው በ2018 የፈረንሳይኛውን ድል ደገመው፤ በ2024 ደግሞ በስፔይን አገር ግራናዳ ላይ በስፓንኛ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ ወሬ ለሥነ ጽሑፍና ለቋንቋ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። በክፍል ውስጥ ቃል ማለት የድምፅና የፍቺ ጥምረት ነው ብለን እናስተምራለን፤ ሪቻርድስ ግን ከጥምረቱ አንዱን ጎን ጨርሶ ትቶ በቋንቋው ባለቤቶች ላይ ነገሠ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ጨዋታ ዘንድ የተወደዱትን እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥቂቶቹን መርጦ ፍቺያቸውንና የመጡበትን መንገድ መግለጽ፣ በዚያውም ከእኛ ቋንቋ ሄደው ከእነርሱ ጋር የተቀላቀሉትን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው አሠራር ጥቂት እንበል። ስክራብልን የፈለሰፈው አልፍሬድ ሞሸር በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕንጻ ባለሙያ ነው። በ1930ዎቹ በነበረው የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ ፈትቶ ሳለ ጋዜጦችን እየዘረጋ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጠረ፤ ለየፊደሉ የተሰጠው ዋጋ የዚህ ቆጠራ ውጤት ነው። ስክራብል የሚለው ስም የወጣለት በ1948 ጄምስ ብሩኖት የተባለ ሰው ጨዋታውን ለገበያ ሲያበቃው ነው። በከረጢት ውስጥ 100 ጠጠሮች አሉ፤ 98ቱ ፊደል የተጻፈባቸው፣ ሁለቱ ባዶዎች ናቸው። ተጫዋቹ ሰባት ጠጠሮች ይይዝና በአግድምም በቁልቁልም 15 ቤቶች ባሉት ሰሌዳ ላይ ቃል ይሠራል። ኢ የተባለው አናባቢ በብዛት ስለሚገኝ 12 ጠጠሮች ሲኖሩት ዋጋው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ኪው እና ዜድ አንዳንድ ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያወጣሉ። ሰባቱንም ጠጠሮች በአንድ ተራ የጨረሰ 50 ነጥብ ይጨመርለታል።

እንግዳ ቃላት የሚፈለጉት ከዚህ አሠራር የተነሣ ነው። ኪው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ዘወትር ዩን ያስከትላል፤ ዩ በእጁ የሌለ ተጫዋች አሥር ነጥብ የሚያወጣውን ፊደል ታቅፎ ይቀራል። አናባቢ ብቻ የደረሰውም፣ አናባቢ ያጣውም እንዲሁ ይቸገራል። ስለዚህ ተጫዋቾች መዝገበ ቃላቱን ጥግ ለጥግ ያስሳሉ። (የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት በግእዝ ፊደል ስንጽፍ አልፎ አልፎ የፊደሎቹን ስም የምንቆጥረው ጨዋታው ለድምፅ ግድ ስለሌለው ነው።)

ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተሩት ሁለት ፊደል ያላቸው ናቸው፤ ቁጥራቸው ከመቶ ይበልጣል። በኪው እና በአይ የሚጻፈው «ቺ» በቻይናውያን አስተሳሰብ በሰውነት ውስጥ የሚመላለስ የሕይወት ኃይል ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ከ2006 ወዲህ ስለተፈቀደ ኪው ያለ ዩ በሁለት ፊደል ብቻ መውጫ አግኝቷል። «ዛ» አሜሪካውያን ወጣቶች ከፒዛ ቆርጠው ያስቀሯት ናት። በሁለት ኤ የሚጻፈው «አአ» ከሃዋይ ደሴቶች የመጣ ሲሆን ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ ሲደርቅ የሚሻክረውን ድንጋይ ያመለክታል። በኤ እና በአይ የሚጻፈው ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ደን ከዛፍ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ በዝግታው የታወቀ፣ ባለ ሦስት ጥፍር እንስሳ ነው። «ዛክስ» የጣራ ድንጋይ የሚጠርብ ሠራተኛ መሣሪያ ነው። አናባቢ ያጣ ተጫዋች ወደ ዌልስ ቋንቋ ይሸሻል፤ በዚያ ቋንቋ ደብሊው አናባቢ ነውና። በሲ፣ ደብሊው፣ ኤም የሚጻፈው «ኩም» በተራራ ጎን የተቦረቦረ ገደላማ ጎድጓዳ ሥፍራ ነው። በሲ፣ አር፣ ደብሊው፣ ቲ፣ ኤች የሚጻፈው «ክሩዝ» ግን ለእኛ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ እንደ ክራር ክንድና ቀንበር ያለው፣ ነገር ግን እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመታ የዌልስ የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

ኪውን ለማራገፍ ከሚረዱት አንዱ «ቆፍ» ነው። ይህ የዕብራይስጥ ፊደል ስም ነው፤ ከግእዙ ቃፍ፣ ማለትም ከ«ቀ» ስም ጋር አንድ ምንጭ አለው። የፊደል ገበታን በስም የቆጠረ የቆሎ ተማሪ ይህን ቃል ከብዙ የስክራብል ሻምፒዮናዎች አብልጦ ያውቀዋል። ዳሩ ግን 18 ነጥብ እንደሚያወጣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

አሁን ትንሽ ቆም ብለን ልናየው የሚገባ አንድ ቃል አለ። ፊደሎቹ ኢ፣ ዩ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤ፣ ኢ ናቸው፤ ስድስቱም አናባቢዎች። ከአናባቢ ብቻ ከተሠሩት የእንግሊዝኛ ቃላት የዚህን ያህል የሚረዝም የለም ይባላል። ለተጫዋቹ ስድስት ነጥብ ብቻ ያወጣል፤ ጥቅሙ እጅን ከአናባቢ ማጽዳቱ ነው። ከየት መጣ? በላቲኑ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲደገም በፍጻሜው ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ስብሐት ይቀርባል፤ የዚያ መዝጊያ «ሴኩሎሩም አሜን» የሚል ነው፤ በግእዝ «ለዓለመ ዓለም አሜን» ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፍት ዜማው በምን ዓይነት አወራረድ እንደሚዘጋ ለማመልከት ሲፈልጉ ሐረጉን ሙሉ በሙሉ መጻፍ ትተው ተነባቢዎቹን ጣሉና ስድስቱን አናባቢዎች ብቻ ከዜማው ምልክት ሥር አሰፈሩ። ሴኩሎሩም ከሚለው ኢ፣ ዩ፣ ኦ፣ ዩ፤ አሜን ከሚለው ኤ፣ ኢ። ስለዚህ ይህ በመነሻው ቃል አልነበረም፤ የዜማ ማስታወሻ ነበር።

የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ነገሩ የቤቱ ሆኖ ያገኘዋል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሱት የሚነገረው የድጓ ምልክት ከዚህ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ብልሃት የተመሠረተ ነው። ከታወቀ የዜማ ቃል አንድ ወይም ሁለት ፊደል ይወሰድና በሌላው ንባብ ራስ ላይ በደቃቅ ይጻፋል፤ መሪጌታው ፊደሎቹን ሲያይ የተወሰዱበት ቃል የሚዜምበት ስልት ትዝ ይለዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የላቲኑ አሕጽሮት ሁልጊዜ የሚያስታውሰው ያንኑ አንድ መዝጊያ ሲሆን፣ የእኛው ምልክት የአንዱን ቃል ዜማ ወደ ሌላው ቃል ያሻግራል። ሁለቱም ለማያውቅ ሰው ፍቺ የለሽ የፊደል ክምር ናቸው። አንደኛው ግን ወደ መዝገበ ቃላት ገብቶ «ቃል» ተባለ።

ከአገራችን የሄዱት ቃላትም በዚሁ መዝገብ ውስጥ አሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጤፍ፣ ስለ ኮሶና ስለ እንሰት ለእንግሊዝኛ አንባቢ ጽፏል፤ ሦስቱም ስሞች ዛሬ በእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ይገኛሉ። ኮሶ በሲም በኬም ስለሚጻፍ ለተጫዋቹ ሁለት ቃል ነው። ጫት የገባው በዐረብኛ ስሙ ሲሆን ሦስት አጻጻፍ አለው፤ ከሦስቱ የሚወደደው በኪው የሚጻፈው ነው፤ ያለ ዩ ኪውን ያወጣልና። ራስ የሚለው ማዕርግ ከዐረብኛው «ራስ»፣ ባሕር ውስጥ ገባ ካለ የየብስ ጫፍ ስም ጋር በአንድ ሥር ተመዝግቧል፤ ሁለቱም ከአንድ የሴም ሥር ስለ ወጡ ዝምድናው እውነተኛ ነው። የ«ንጉሥ» ዕጣ ግን አስቂኝ ነው። በእንግሊዝኛ «ኒገስ» የሚባል፣ ከወይን ጠጅ፣ ከትኩስ ውኃ፣ ከስኳርና ከሎሚ የሚሠራ መጠጥ አለ፤ ስሙን ያገኘው በ1732 ከሞተው ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ነው። አጻጻፉ ከኢትዮጵያው ንጉሥ ጋር አንድ ስለሆነ በጨዋታው ሁለቱ አይለዩም። ተጫዋቹ ንጉሥ ይሰይም ወይም መጠጥ ይቅዳ የሚጠይቀው የለም።

ከሁሉም ግን የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ያስገረመው «ብር» ነው። በአራት ፊደል፣ በቢ፣ በአይና በሁለት አር ይጻፋል። በእንግሊዝኛና በስኮትላንድ አነጋገር ቀድሞም በዚህ አጻጻፍ የሚታወቅ፣ የሚሽከረከር ነገር የሚያሰማውን ድምፅ የሚያመለክት ቃል ስለ ነበረ ግስ ሆኖ በኃላፊ ጊዜ ቢረባ ይፈቀዳል። የገንዘቡን ብዙ ቁጥር በተመለከተ ግን ዝርዝሩ ሁለት መልክ ይሰጣል። አንደኛው በኤስ የሚያልቀው የእንግሊዝኛ እርባታ ነው። ሁለተኛው «ብሮች» ነው፤ ባለ ስምንት ፊደል፣ የአማርኛውን የብዙ ቁጥር ባዕድ መድረሻ «-ኦች»ን እንዳለ የያዘ። ሰሌዳው ላይ ከቆመ አንድ ፊደል ጋር ሰባት ጠጠሮቹን ያገጣጠመ ተጫዋች በዚህ ቃል 50ውን ተጨማሪ ነጥብ ይወስዳል። አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ ሰው የአማርኛን ሰዋስው በጠጠር ይሠራል ማለት ነው። ደግሞም የሚሠራው እኛ ራሳችን እምብዛም የማንለውን ነው፤ ስንቆጥር «መቶ ብር» እንላለን እንጂ «መቶ ብሮች» አንልም። መዝገቡ ደንቡን ወሰደ፤ ልማዱን ግን አልወሰደም።

ይህን የሚወስነው ማን ነው? ጨዋታው ራሱ ቃል አይፈጥርም፤ መዝገበ ቃላትን ዳኛ አድርጎ ያስቀምጣል። በአሜሪካ በ1978 የወጣው የመጀመሪያው የተጫዋቾች መዝገብ ከአምስት መዛግብተ ቃላት የተሰበሰበ ነበር። በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት ዳኛ የነበረው የኤድንበርጉ ቻምበርስ ሲሆን፣ እርሱም የስኮትላንድን ቃላትና እነስፔንሰር በ16ኛው መቶ ዓመት የጻፏቸውን ጥንታውያን ቃላት በብዛት የያዘ ነው። ኤድመንድ ስፔንሰር በዘመኑም ያረጁ ቃላትን ሆን ብሎ ለግጥሙ ማዕረግ ይሰበስብ ነበር፤ ዛሬ ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቀጥሎ የሚያገለግሉት ለስክራብል ተጫዋች ነው። ዳኛው የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። በ1934 በታተመው የዌብስተር ሁለተኛ እትም «ዶርድ» የሚባል፣ ፍቺው እፍግታ የሆነ ቃል ነበር። ነገሩ ሲጣራ፣ ትልቁ ዲ ወይም ትንሹ ዲ የእፍግታ አሕጽሮት ነው የሚል ማስታወሻ የተጻፈበት ካርድ ነበር፤ «ወይም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከሁለቱ ዲዎች ጋር ተጣብቆ ስለተነበበ አዲስ ቃል ተወለደ። ሥርወ ቃል የሌለው መሆኑ የታወቀው በ1939 ነው።

ክርክሩ የጋለው ግን በ2020 ነው። በዚያ ዓመት የሰሜን አሜሪካ የተጫዋቾች ማኅበር ሰዎችን በዘራቸው፣ በጾታቸውና በመሳሰለው የሚያዋርዱ ከሁለት መቶ በላይ ቃላት ከዝርዝሩ እንዲወጡ ወሰነ። ተቃዋሚዎቹ፣ በሰሌዳ ላይ ቃል ፍቺ የለውም፤ ነጥብ የሚያወጣ የፊደል ሰልፍ ነው አሉ። ደጋፊዎቹ ስድቡ የሚያርፍበት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ፍቺ የለውም ማለት አይቻልም አሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለተኞቹ ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹም አልዋሹም። እነርሱ የተናገሩት ጨዋታው ከሪቻርድስ ጋር የደረሰበትን ጫፍ ነው።

የእኛ የቃል ጨዋታ መንገዱ ተቃራኒ ነው። ቅኔ ፊደል አይቆጥርም ለማለት አይደለም፤ ቤት መምታቱም ልኩም አለ። ኅብር የሚሠራው ግን ፍቺን በመደራረብ ነው። «ተማረ» ብሎ ትምህርት የቀሰመውንም ምሕረት ያገኘውንም በአንድ ቃል ያስቀመጠ ሰው፣ ሰሚው ሁለቱንም እንዲያውቅ ይጠይቃል። ፍቺውን ሳያውቅ ቃሉን ብቻ የሸመደደ ተማሪ በቅኔ ጉባኤ ፊት አንድ ቀን አይቆምም።

ታዲያ ስክራብልን በአማርኛ ማበጀት ቢታሰብ ምን ይገጥማል? ፊደላችን ከነሰባቱ እርባታ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ በትስ እንዳደረገው ጋዜጣ ዘርግቶ መቁጠር ይጠይቃል። ይህ ድካም እንጂ ችግር አይደለም። ችግሩ ዳኛው ነው። የአማርኛ መዛግብተ ቃላት ግስን የሚያስገቡት በሦስተኛ መደብ ኃላፊ ነው፤ «ነገረ» ይገኛል፣ «አልነገርኳችሁም» አይገኝም፤ ሆኖም ማንም የጽሑፍ ሰው አንድ ቃል አድርጎ ይጽፈዋል። ዳኛው ከተቀበለው ከአንድ ግስ የሚወጣውን የቃል ብዛት ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል? ሞክሼ ፊደሎቹም አሉ። ከሰማይ ላይ የምታበራውን ለመጻፍ የመጀመሪያውን ፊደል በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛውን በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ብንል ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል፤ ስድስቱም በየጋዜጣውና በየደብዳቤው ሲጻፉ ይታያሉ። እንግሊዝኛ ለጫት ሦስቱንም አጻጻፍ ተቀብሎ ተገላግሏል። እኛ ዘንድ አንዱ ተጫዋች «ፀሐይ» ሲል ባላጋራው «ጸሀይ» ቢልና ሁለቱም መጽሐፍ ቢጠቅሱ፣ ጠጠሩን ከሰሌዳው የሚያነሣው የትኛው ነው?