ያውቁ ኖሯል? የዘገየ ምግብ የጠቀማቸው ሕሙማን
በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለተኛ ሰው በደም ሥር የሚሰጠውን ምግብ ለአንድ ሳምንት ማዘግየት፣ ቶሎ ከመስጠት ይልቅ ለማገገም ሊረዳ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የታመመን ማጉረስ ለለመደ ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ በቤልጂየም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ኤፓኒክ የተባለ ጥናት 4,640 አዋቂ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ በሆድ በኩል የሚገባው ምግብ ሳይበቃ ሲቀር ጉድለቱ ለአንደኛው ወገን በ48 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር እንዲሟላ፣ ለሌላው ግን ከ8ኛው ቀን በፊት እንዳይሟላ አድርጓል። የዘገየላቸውም ቢሆኑ ያለ ምግብ አልተተዉም፤ ወደ ሆድ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ምግብ፣ እንዲሁም ቪታሚንና ማዕድናት ለሁለቱም ወገን ቀደም ብለው ተጀምረዋል። በሞት ቁጥር የጎላ ልዩነት ባይታይም፣ ቶሎ ከተሰጣቸው 26.2 በመቶ፣ ከዘገየላቸው ደግሞ 22.8 በመቶ አዲስ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል፤ የኋለኞቹ ከሆስፒታል የወጡትም ቀድመው ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ሴል የተጎዱ ክፍሎቹን እየፈታ ራሱን የሚያጸዳበት ኦቶፋጂ የተባለው ሂደት ምግብ ሲበዛ መገታቱ ነው። ሆስፒታል ሲገቡ እጅግ የከሱ፣ ማለትም በኪሎ የተለካው ክብደታቸው በሜትር ለተለካ ቁመታቸው ስኩዌር ሲካፈል ከ17 በታች የሚሆን ሕሙማን በጥናቱ አልተካተቱም።