አዲስ አበባ ታሳልፋለች፣ ናይሮቢ ታስቀምጣለች

ትኬት ቢሮ የሚውል ሰው ከተሞችን የሚያውቃቸው በመስመር ነው። ከሌጎስ ወደ ናይሮቢ፣ ከባማኮ ወደ ጓንዡ፣ ከሐራሬ ወደ ሮም የሚሄደውን መንገደኛ ቡኪንግ ስከፍት መሀል ላይ አዲስ አበባ አለች። ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ሲብስ አንድ ሌሊት። ሰውየው ቦሌ ይወርዳል፣ በር ይቀይራል፣ ከራበው ሳንድዊች ይገዛል፣ ይሄዳል። ናይሮቢ ግን የምትጻፈው መስመሩ ሲያልቅ ነው። ወደዚያ የሚሄደው ደንበኛዬ ደርሶ መልስ ቆርጦ እንኳ የመመለሻውን ቀን ስጠይቀው “ለጊዜው የሆነ ቀን አስገቢልኝ፣ በኋላ እቀይረዋለሁ” ይላል። ሥራ አግኝቶ ነው፤ ወይም ቢሮው ተዛውሮ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ነገር ሲነሣ ሰው የሚከራከረው ስለ ፎቅና ስለ አስፋልት ነው። ናይሮቢ ደርሶ የመጣ ነጋዴ 27 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝመው የክፍያ መንገዳቸው ሲያወራኝ ይውላል። አብራኝ የምትሠራ ኬንያዊት የጉዞ ወኪል ደግሞ እዚህ መጥታ የኮሪደር ልማቱን የእግረኛ መንገድና መብራት ፎቶ ስታነሣ አመሸች። ሁለቱም የጎረቤታቸውን ያደንቃሉ፣ የራሳቸውን ያማሉ። በእኔ ዐይን ግን ዋናው ልዩነት መንገዱ ላይ አይደለም። እኛ ሰው እናሳልፋለን፤ እነሱ ሰው ያስቀምጣሉ።

ነገሩ ከአወላለዳቸው ይጀምራል። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ለከተማዋ ስም ያወጡት በ1879 ዓ.ም ነው። ናይሮቢ በ12 ዓመት ታንሳለች። እንግሊዞች ከሞምባሳ የሚዘረጉት የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ በ1891 ዓ.ም አንድ ረግረግ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ቀጥሎ ያለው ዳገት ከመጀመሩ በፊት የዕቃ ማከማቻና የሠራተኛ ሰፈር ተተከለ፤ ከተማዋ ያች ሰፈር ናት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የቅኝ አስተዳደሩም ከሞምባሳ ተነሥቶ እዚያው ገባ። ለአዲስ አበባ ባቡር የደረሰላት በ1909 ዓ.ም፣ 30 ዓመት ሞልቷት ነው። እሷን የወለዳት ቤተ መንግሥት ነው። ናይሮቢ ገና ከጅምሯ የውጭ ኩባንያና የሰፋሪ ነጋዴ ከተማ ነበረች (ለአገሬው ሰው አልነበረችም፤ ጥቁሩ በወረቀት ነበር የሚገባባት)። አዲስ አበባ ደግሞ ባለጉዳይ ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥቶ ደጅ የሚጠናባትና ጉዳዩ ሲያልቅ የሚመለስባት ከተማ ሆነች።

ዛሬ ደጅ የሚጠናው ርእሰ ብሔር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም ተቋቁሞ መቀመጫውን እዚህ አደረገ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም ደግሞ 32 ነጻ አገሮች በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። እዚህ የሆነውን የድርጅቱን፣ በኋላም እሱን የተካውን የአፍሪካ ሕብረት መቀመጫ ሌሎች ሳይመኙት አልቀሩም። የሊቢያው ጋዳፊ ወደ ሰርት ለመውሰድ ብዙ ደክመዋል። በ2004 ዓ.ም ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ያስረከበችው የሕብረቱ ሕንጻ ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት መሬት ላይ ከቆመ ወዲህ ግን ወሬው በረደ። የካቲት በመጣ ቁጥር ለሕብረቱ ጉባኤ ሆቴሉ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ እኛም ለልዑካን ትኬት ስንቀይር እናመሻለን። በ2017ቱ ጉባኤ ናይሮቢ ራይላ ኦዲንጋን ያህል ሰው ለሕብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበርነት አቅርባ በጅቡቲው እጩ ተሸነፈች፤ ኬንያዊቷ ባልደረባዬ የዚያን ቀን ስልኬን አላነሣችም።

ሲኮራረፉ ያየ ግን የናይሮቢን ድርሻ አይርሳ። በ1965 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙ ዋና መሥሪያ ቤት ናይሮቢ እንዲሆን ወሰነ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ዋና መሥሪያ ቤት በታዳጊ አገር ተቀምጦ አያውቅም። የሰፈራና ቤት ጉዳይ የሚመለከተው ድርጅትም ተከተለ፤ አሁን ደግሞ ከኒውዮርክ አንዳንድ ክፍሎች ወደዚያው እየተጓዙ ነው። ጊጊሪ የሚባለው ሰፈር በዚህ ቆሞ ይኖራል። ጉባኤተኛ ሦስት ሌሊት አድሮ ይሄዳል። ጊጊሪ የተመደበ ሠራተኛ ግን ቤት ይከራያል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ሞግዚት ይቀጥራል፣ መኪና ይገዛል። የሕብረቱና የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ሠራተኞች እዚህም ይኖራሉ፤ ልዩነቱ ናይሮቢ በእነሱ ዙሪያ የግል ኩባንያውንም ማስቀመጧ ነው።

ለምን? የአክስቴ ልጅ ይህን ጥያቄ በገዛ ኑሮው መለሰልኝ። አዲስ አበባ ላይ የውጭ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ድርጅቱ የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮውን ናይሮቢ ሲያደርግ እሱንም ወሰደው። ኪሊማኒ ሰፈር ተከራየ። ስልክ ስደውልለት የሚያማርረው ትራፊኩንና ሌብነቱን ነው፤ ተመለስ ስለው ግን “እዚህ ዶላር ሲገባም ሲወጣም የሚጠይቅ የለም” ይለኛል። ኬንያ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሯን ያነሣችው በ1980ዎቹ ዓ.ም ነው። እኛ ብርን ለገበያ የለቀቅነው ሐምሌ 2016 ዓ.ም፣ ለውጭ ባንክ በር የሚከፍት ሕግ ያወጣነው ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም፣ የአክሲዮን ገበያችንን የከፈትነው በዚያው ዓመት ጥር ነው። ናይሮቢ ከነጻነቷ በፊት ጀምሮ አክሲዮን ትሸጣለች። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት የእነሱ ኤም-ፔሳ በ1999 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር እኛ ሲም ካርድ ለማግኘት ወረፋ እንይዝ ነበር። ቴሌብር የመጣው በ2013 ዓ.ም ነው። አንድ ኩባንያ ቢሮውን የት ያድርግ ሲል የሚያየው ይህን ነው እንጂ የአየር ጠባዩን አይደለም፤ በአየር ጠባይማ ማን ያክለናል።

አየር ካነሣን፣ ከፍታችን የሚያስከፍለን ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅ ጠግቦ የተጫነ አውሮፕላን ለመነሣት ይቸገራል። ለዚህ ነው ወደ ዋሽንግተን የምልካቸው መንገደኞች ሲሄዱ መንገድ ላይ ለነዳጅ የሚያርፉት፣ ሲመለሱ ግን ቀጥታ የሚገቡት። እናቶች “ልጄ፣ ለምን ሲሄድ ይቆማል፣ ሲመጣ አይቆምም?” ብለው ይጠይቁኛል። የናይሮቢው አውሮፕላን ማረፊያ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የኬንያ አየር መንገድ በ2011 ዓ.ም ያለ ማረፊያ ኒውዮርክ መብረር ሲጀምር የእኛ ሰዎች ትንሽ ቀንተዋል። ቅናቱ ብዙም አልቆየም። የእኛው በ1938 ዓ.ም በአስመራ በኩል ካይሮ በመብረር የጀመረ፣ ትርፉን መልሶ አውሮፕላን የሚገዛበት አየር መንገድ ነው፤ የኬንያው በ1969 ዓ.ም የምሥራቅ አፍሪካው የጋራ አየር መንገድ ሲፈርስ ተቋቁሞ፣ ወደ ግል ዞሮ፣ ለረጅም ጊዜ በዕዳ ሲንገዳገድ ቆየ። ስለዚህ ናይሮቢ የሚሠራው የዓለም አቀፍ ድርጅት ሰው ኪንሻሳ ወይም ዳካር ሲላክ ብዙ ጊዜ በቦሌ ያልፋል። እኔም ከእሱ ኮሚሽን እበላለሁ።

እንዲህ ሲታይ የሚፎካከሩት ከተሞች አንዷ ያለ ሌላዋ አይሆንላቸውም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መስመር ከኅዳር 2015 ዓ.ም ጀምሮ የእኛን ኤሌክትሪክ ለኬንያ ያደርሳል፤ የአክስቴ ልጅ ኪሊማኒ ላይ ሻይ የሚያፈላው በከፊል በእኛ ውሃ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የኬንያው ሳፋሪኮም ለቴሌኮም ፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ እዚህ ሥራ ጀመረ። ደንበኞቼ አሁን ሁለት ሲም ይዘው ይመጣሉ፤ “በየትኛው ልክፈልሽ?” ነው ጥያቄያቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ አየር ንብረት ጉባኤ በናይሮቢ፣ ሁለተኛው በአዲስ አበባ የተካሄደውም በሁለት ዓመት ልዩነት ነው።

በእኔ ግምት ለሁለቱም የሚያሰጋው ሌላ ቦታ ነው። ኪጋሊ ትንሽ ናት፣ ግን የጉባኤ አዳራሽ ሠርታ፣ ቪዛ አቅልላ፣ የአህጉሩን የመድኃኒት ኤጀንሲ መቀመጫነት ወስዳለች። አክራ የነጻ ንግድ ቀጣናውን ጽሕፈት ቤት ወስዳለች። ዱባይና ኢስታንቡል ደግሞ ከአፍሪካ ወደ አፍሪካ የሚሄደውን ሳይቀር በእነሱ በኩል ያዞሩታል፤ ዋጋቸውን አንዳንድ ቀን ሳይ ሥራዬን ልለቅ ያምረኛል።

የእኛ መልስ እንደተለመደው ተጨማሪ ሰው ማሳለፍ ሆኗል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የተነደፈው አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፤ የእናቶቹም ጥያቄ ያበቃል። ለአየር መንገዱ ደግ ነገር ነው። ለከተማዋ ግን አላውቅም። ቦሌ ከተማ መሀል ናት። ስምንት ሰዓት ትራንዚት ያለው መንገደኛ “ወጣ ብዬ ልይ?” ብሎ ሲጽፍልኝ ሉሲን ዐይቶ፣ ክትፎ በልቶ፣ ቡና ገዝቶ እንዲመለስ እልከዋለሁ፤ ከእነዚህ መካከል በኋላ ለሥራ ተመልሶ የመጣ አለ። አቡሴራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከከተማዋ ጋር የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር እኩል ካልተከፈተ፣ ለዚያ መንገደኛ የምመልስለት አንድ ነው፦ “እዚያው ተርሚናሉ ውስጥ ቆይ፣ አትደርስም።”