በበረዶ ውስጥ የተደረደሩ አረፋዎች

በካናዳዋ አልበርታ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች ግርጌ የሚገኘው አብርሃም ሐይቅ ብርዱ ሲበረታ ከሩቅ አገር ሳይቀር ፎቶ አንሺዎችን ይስባል። የሚመጡት ለተራሮቹ ሲሉ ብቻ አይደለም። መስተዋት በመሰለው በረዶ ውስጥ፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ነጫጭ አረፋዎች ይታያሉ።

ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የቢግሆርን ግድብ የሰሜን ሳስካችዋንን ወንዝ ሲገታ ውኃው 32 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተኛ። ሸለቆውን የሸፈነው ዕፅዋትም አብሮ ሰጠመ። ኦክስጅን በሌለበት የሐይቁ ወለል ላይ ባክቴሪያዎች ይህን ብስባሽ ሲያብላሉ ሜቴን ጋዝ ይወጣል።

በሞቃቱ ወራት ጋዙ ወደ ላይ ተንቦልቡሎ አየር ውስጥ ይጠፋል። ውኃው ሲረጋ ግን በረዶው መንገዱን ይዘጋበታል። አረፋው ከበረዶው ሆድ ሥር ይለጠፍና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በረዶው ወደ ታች እየወፈረ ሲሄድ ይውጠዋል፤ ተከታዩ አረፋ ደግሞ ከሥሩ ያርፋል። ስለዚህ ከላይ ያለው ቀድሞ የታሰረው፣ ከታች ያለው የቅርቡ ነው። ከላይ ወደ ታች ብቻ የተነሣ ፎቶ ይህን ቅደም ተከተል ያጠፋዋል፤ ነጭ ክብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ካሜራው ወደ በረዶው ዝቅ ብሎ ከጎን ሲያይ፣ በተለይ ስንጥቅ ባለበት ቦታ፣ ድርድሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ተመሳሳይ አረፋ በሌሎች ሐይቆችም ይፈጠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የበረዶ ብናኝ ይሸፍነዋል። እዚህ በሸለቆው የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ብናኙን ጠርጎ ይወስደዋል።

ያው ነፋስ ለፎቶ አንሺው ፈተና ነው፤ የካሜራ መቆሚያውን ያናውጣል፣ ጣት ያደነዝዛል። ብርዱ የባትሪ ኃይል ቶሎ ስለሚያዳክም መለዋወጫው በውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይያዛል። አረፋውንና ተራራውን በአንድ ፎቶ ለማስገባት ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ያስፈልጋል፤ ከበረዶው ገጽ የሚመጣውን ነጸብራቅ ደግሞ ፖላራይዝድ ማጣሪያ ይቀንሰዋል። ወደ ሙቅ ክፍል ሲገባ ጤዛ እንዳይዘው ካሜራው አስቀድሞ በታሸገ ከረጢት ይቀመጣል።

ጥንቃቄው ከካሜራው ያለፈ ነው። የካናዳ ቀይ መስቀል ብቻውን በበረዶ ላይ ለሚራመድ ሰው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልጋል ይላል። አብርሃም ሐይቅ ላይ ግን ውፍረቱን መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ውኃ ሲለቀቅ የሐይቁ ከፍታ ይወርዳል፤ በዳርቻው ያለው በረዶም ድጋፉን አጥቶ ይሰነጠቃል።