ያውቁ ኖሯል? ነዳጅ ክብደት ሲያጣ

ሮኬት ምሕዋር ገብቶ ሞተሩ ሲጠፋ፣ በታንኩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ታች እንደማይረጋ ያውቁ ኖሯል? ላይና ታች የለምና ፈሳሹ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ መሃሉን ለጋዝ ይለቃል። ጣጣው ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ነው። ፓምፑ በፈሳሽ ፋንታ ጋዝ ከሳበ ከልክ በላይ ይሽከረከርና ሊሰባበር ይችላል።

በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጠፈርተኛው ስኮት ካርፔንተር አንዲት የብርጭቆ ሉል ይዞ መብረሩንስ? ውስጧ ጥቂት ባለቀለም ፈሳሽ፣ መሃሏ ላይ ደግሞ አንድ ቱቦ ነበር። ክብደት ሲጠፋ ፈሳሹ ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ወጥቶ ቱቦውን ሞላው። ይህን ያደረገው የገጽ ውጥረት ነው፤ ምድር ላይ በስበት ተሸንፎ እምብዛም የማይታየን ኃይል።

ናሳ በ1966 ፈሳሹ ምሕዋር ላይ ምን እንደሚሆን ለማየት ፈሳሽ ሃይድሮጅን በያዘ የሮኬት ታንክ ውስጥ የቴሌቪዥን ካሜራ ገጥሞ እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ሃይድሮጅን ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀስ በቀስ ይተናል። መሐንዲሶቹ ይህንኑ ተን ወደ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ ለቀቁት፤ ከዚያ የተገኘችው እጅግ ትንሽ ግፊት ፈሳሹን ታንኩ ግርጌ ይዛ አቆየችው። ሊባክን የነበረ ጋዝ ሥራ ሲሠራ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ወደ ጨረቃ የሄዱት የሳተርን 5 ሮኬቶችም በዚሁ ዘዴ ተጠቅመዋል።

ሌላም መላ አለ፦ የሶዩዝ ሮኬት ሦስተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ገና እየገፋ ሳለ ይለኮሳል። ነዳጁ ለመንሳፈፍ ፋታ አያገኝም።

ነዳጁ ታች ቢረጋም፣ መናወጡ ሮኬት ሊያሳጣ ይችላል። በ2007 ፋልከን 1 ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጥቅ፣ በላይኛው ክፍል ታንክ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ኦክስጅን እየተናወጠ ሮኬቱን አወዛወዘው፤ ምሕዋር ሳይደርስም ቀረ። በኋላ ታንኩ ውስጥ ማዕበል ሰባሪ ብረቶች ተገጠሙ።

ጠፈርተኛው ዶን ፔቲት በ2008 ከፕላስቲክ ወረቀት አጥፎ በሠራት ስኒ ጠፈር ላይ ቡና ጠጥቷል። ምስጢሩ የገጽ ውጥረትና ሹል ማዕዘኗ ነው፤ ቡናው ማዕዘኑን ተከትሎ ራሱ ወደ ከንፈሩ ይሳባል። በብዙ ሳተላይቶች ታንክ ውስጥ ያሉት ስስ ብረቶችም ነዳጁን ወደ መውጫው የሚመሩት በዚሁ ሕግ ነው።

በ2024 ስታርሺፕ የተባለው መንኮራኩር እየበረረ ሳለ ፈሳሽ ኦክስጅን ከአንዱ ታንኩ ወደ ሌላው የማዛወር ሙከራ ተደርጎበታል። ይህ መንኮራኩር ሰው ይዞ ጨረቃ ላይ እንዲያርፍ በምሕዋር ላይ ከሌሎች መንኮራኩሮች ነዳጅ መቅዳት አለበት። በእኔ እምነት የጉዞውን ዕጣ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የሚወስነው ይህ ነዳጅ የመቅዳት ሥራ ነው።