መስከረም 31፦ ስለ አንድ የቀን ዓይነት ቅየራ ስሕተትና ስለ እርማቱ

የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት የቀጠሮ ወረቀት ናት። ነሐሴ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. የወለደች አንዲት የካዛንቺስ እናት፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካለ አንድ ክሊኒክ ለልጅዋ የስድስተኛ ሳምንት ክትባት የተሰጣት ቀጠሮ «መስከረም 31» ይላል። እንዲህ ያለ ቀን የለንም። ነገሩን እንድመረምር የተጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ነበር።

ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ሳይመነዝር፣ «2009-12-20» ብሎ ወደ ዳታቤዙ ይልካል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። ጽሑፉን ወደ ቀን ዓይነት ሲቀይር የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ነሐሴን ዲሴምበር ያደርገዋል። ከዲሴምበር 20 ተነሥቶ 42 ቀን ሲቆጥር ጃንዋሪ 31 ይደርሳል፤ ፕሮግራሙም ይህን መልሶ መስከረም 31 ብሎ ያትመዋል። ትክክለኛው ቀጠሮ መስከረም 27 ነበር፦ የነሐሴ ቀሪ 10 ቀናት፣ የጳጉሜን 5፣ የመስከረም 27።

ወረቀቷ ባትኖር ስሕተቱ ለዓመታት ተሰውሮ በቆየ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. 365 ቀናት ውስጥ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ቦታ የማያገኙት 7 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አምስቱ የጳጉሜን ቀናት፣ ጥቅምት 29 እና ጥቅምት 30 ናቸው። የቀሩት 358 ያለ አንዳች ድምፅ ይገባሉ። ሰባቱስ? ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ቁጥጥሩ ሲዘጋ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ «0000-00-00» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ከ5.7 እትም ወዲህ ጥብቁ አሠራር ነባሪ ሆኗል፤ በክሊኒኩ ግን ተዘግቶ ነበር። ፖስትግሬስኪውኤል እንዲህ ያለውን ቀን ፈጽሞ አይቀበልም፤ እኔም የምመርጠው ይህን እምቢታ ነው። ይሁንና ጥፋቱን በዳታቤዙ ላይ አላሳብብም፤ የአቆጣጠሩን ማንነት ያልነገርነው እኛ ነን።

እርማቱ አጭር ነው። ከዓመቱ አንድ ቀንሶ በ365 ማባዛት፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ሙሉ ቁጥሩን መደመር፣ ከወሩ አንድ ቀንሶ በ30 አባዝቶ መደመር፣ በመጨረሻም ቀኑንና 1724220ን መጨመር። ውጤቱ የጁልያን የቀን ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወደ ጎርጎርዮስ ቀን መመንዘር ቀላል ነው። ለ4 ማካፈሉ ያለፉትን የሉቃስ ዘመናት ይቆጥራል፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ከባዱ ሥራ የተከማቸው መረጃ ነበር። በስሕተት የገቡት የልደት ቀኖች አኃዛቸው ስላልጠፋ በቀመሩ ተመነዘሩ፤ ቀጠሮዎቹም እንደገና ተሰሉ። ዜሮ የሆኑት ግን ጥቅምት 29 ይሁኑ ጳጉሜን 3 የሚናገር ምልክት አልነበራቸውም። ዳታቤዙ በራሱ የያዘው የምዝገባ ሰዓት ወሩን ለመገመት ረዳን እንጂ ቀኑን አልመለሰልንም። ከነርሶቹ ጋር ተቀምጠን የወረቀቱን የልደት መዝገብ አንድ በአንድ እያገላበጥን ሞላናቸው።